የመምህር ዘካርያስ ባና

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በሽርጥና በካናቴራ በሚውልበት በዚያ ሙቀት፣ እርጥብ የመንዝ በግ ሸተተኝ ብል ማን ያምነኛል? እኔም ራሴን አላመንኩም። የድሮ መምህሬ ሴት ልጁን ሊድር ነውና ለሠርጉ ተጠርቼ ከደብረ ብርሃን ወርጄ፣ የግቢውን በር ገፋ አድርጌ አንድ እግሬን ሳስገባ፣ የሚቁላላውን ሽንኩርትና የሴቶቹን ሽቶ ሰንጥቆ የመጣ ሽታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ለሠርጉ የታሰሩ በጎች ይኖሩ ይሆናል ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ የታሰሩት ፍየሎች ናቸው። ከዚያ ቀና ስል፣ ከኒም ዛፉ እስከ ማድቤቱ ግድግዳ የተወጠረውን የልብስ ማስጫ ገመድ ወደ መሬት አጉብጦ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ቡናማና ዳለቻ ሆኖ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ተንጠልጥሎ አየሁት።

ባናው ነው። ባና በኛ አገር ከበግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ሲደርቅ አንድ ሰው ይሸከመዋል፣ ሲረጥብ ግን ለሁለት ጎረምሳም ይከብዳል። የመምህሬ ባለቤት ራሄል፣ የድሬ ልጅ ናትና ገና አቅፋ ሳትለቀኝ እሮሮዋን ጀመረች። «አቦ ይሄን ነገር ወይ ይዘሽው ሂጂ ወይ ጨርሺው! ቁም ሣጥኑን እሱ ይዞት እኔ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ነው የማስቀምጠው» አለችኝ። ጨርሺው ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከባናው አንድ ጥግ፣ ከዘርፉ ላይ፣ ጥቂት ክሮች ሳይቋጩ ተንጠልጥለዋል። እነዚያን ክሮች በጣቶቼ ዳሰስኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ሲያነጋግሩኝ አዎ አዎ እያልኩ እመልሳለሁ እንጂ ልቤ ድሬዳዋ አልነበረም።

ከተማችን ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ «ከተማ» መባሏ ራሱ ትንሽ ማቆላመጥ ያለበት፣ አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የገበያ ሜዳ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ትምህርት ቤት ያላት ቦታ ነበረች። ነፋሷ ግን ለትልቅ ከተማ የሚበቃ ነበር። ትምህርት ቤቱን የሠሩት አባቶቻችን ናቸው፤ ድንጋዩን ከወንዝ በጀርባቸው አውጥተው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው። ከዚያ በፊት ፊደል የሚቆጠረው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከትልቁ ጽድ ሥር፣ የኔታ ዘንድ ነበር፤ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፍት የመጀመሪያው አስተማሪ ሆነው የተቀጠሩትም እኚያው የኔታ ናቸው። ወንበር ቢሰጣቸውም መደባቸው ላይ መቀመጡን ስላልተዉ፣ ወንበሩ ጥቁር ሰሌዳ ማስደገፊያ ሆኖ ቀረ ይባላል፤ ያን ወንበር እኔም ደርሼበታለሁ። መጀመሪያ እስከ አራተኛ ክፍል ነበር፣ ቀጥሎ ስድስተኛ ተጨመረ፣ እኔ ስደርስ ደግሞ ሰባተኛና ስምንተኛ ተከፈቱ፤ ክፍል በተጨመረ ቁጥር ጠላ ተጠምቆ፣ በግ ታርዶ፣ ከተማው ልጅ እንደተወለደለት ሰው ይደሰት ነበር።

ደወላችን ከዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። ሰሌዳውን በየመስከረሙ የምናጠቁረው ደግሞ እኛው ራሳችን ነን፤ ያለቀ የራዲዮ ባትሪ ቀጥቅጠን፣ ከውስጡ የሚወጣውን ጥቁር ዱቄት ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰን እንቀባዋለን፤ ከሰሌዳው ይልቅ ፊታችን ይጠቁራል። ራዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር መስከረም በደረሰ ቁጥር የባለ ራዲዮ ቤት ልጆች ይንቀባረሩብን ነበር። ዝናብ የመታን ጠዋት የሆነ እንደሆነ ሁላችንም ከቤት ያለውን የበግ ጸጉር ልብስ ለብሰን እንመጣና፣ ክፍሉ ውስጥ ተጠጋግተን ስንቀመጥ ትንፋሻችንና እርጥቡ ጸጉር ተደባልቆ የሚወጣው ሽታ፣ በኋላ ዘመን እንዳወቅሁት፣ ከሌላ አገር የመጣን አስተማሪ ከበሩ ላይ ይመልስ ነበር። ለኛ ግን ያ ሽታ የትምህርት ሽታ ነው። እስካሁን ድረስ እርጥብ በግ ሲሸተኝ የማባዣ ሠንጠረዥ ትዝ ይለኛል።

ቤቱ አለ፣ ሰሌዳው አለ፣ ተማሪው አለ፤ የሚያጥረን አስተማሪ ነበር። መምጣትማ ይመጣሉ፤ ብርዱ ነው የማያስቀምጣቸው። ጂኦግራፊ ያስተማረን ሰው ስለ በረሃ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። ሌላው ሁለት ካፖርት ደርቦ፣ ጠመኔ የያዘችውን እጁን ብቻ ብቅ እያደረገ ይጽፍና መልሶ ይከታታል። አንዱማ ለምሳ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ከተማው እነዚህን ሁሉ በስማቸው ሳይሆን በሄዱበት በዓል ነበር የሚያስታውሳቸው፤ «የኅዳር ሚካኤሉ»፣ «የገናው»፣ አንድ ብርቱ ተገኝቶ ደግሞ «የጥምቀቱ»። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማይነቃነቁት ዳይሬክተሩ ጋሽ ተክለወልድ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የዚያው አገር ልጅ ስለሆኑ መሄጃ የላቸውም። አማርኛውንም፣ ታሪኩንም፣ እርሻውንም እሳቸው ያስተምራሉ፤ ሒሳብና ሳይንስ ግን አልሆነላቸውም፣ እንዳልሆነላቸውም አይደብቁም።

መምህር ዘካርያስ በዚህ መሃል ነው የመጣው። (ሲያነበው እንዳይቆጣኝ በጽሑፍ «እሱ» እላለሁ፤ በአፌ ግን ዕድሜ ልኬን አንቱ ስለው ኖሬአለሁ።) የኛ ስምንተኛ ክፍል ሊጀመር ሲል፣ በገበያ ቀን፣ ከጭነት መኪና ጋቢና በአጭር እጅጌ ሸሚዝና በነጠላ ጫማ ወረደ። ገበያተኛው ሁሉ መገበያየቱን ትቶ አየው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ በጸጉር ፈትል የሚስተካከላቸው የሌለ ባልቴት፣ እንዝርታቸውን አቁመው ከእግር እስከ ራሱ ከመረመሩት በኋላ «አየ! ይሄስ ለመስቀልም አይደርስልን» አሉ።

ለመስቀል ደረሰ። የድሬ ሰው ነው፤ ከመንገድ ወዲያ ማዶ ሆኖ ስም ጠርቶ ሰላም ይላል፣ ሲስቅ ከገበያው ሜዳ ይሰማል፣ ለሕፃኑም ለቄሱም «አንተ» ነው የሚለው፣ የሆዱን ሁሉ ባፉ ይናገራል። እኛ ደግሞ የሆዳችንን በሆዳችን ይዘን የምናድር ሰዎች ነን። መጀመሪያ ያበደ መሰለን፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ከቸርኬው ድምፅ ቀድመን ትምህርት ቤት መገኘት ጀመርን። ከጽዱ ጫፍ ማንም ሳይወጣ ቁመቱን በጥላው አስለካን፤ አንዱን ዘንግ ከነጥላው ለክተን፣ የጽዱን ጥላ ለክተን፣ ሰሌዳ ላይ ስናወጣው ከቅጥሩ ውጭ ካለው ባሕር ዛፍ ማነሱ ታወቀ። ሽማግሌዎቹ በዚህ ነገር ለዘመናት ሲከራከሩ ኖረዋልና ጽዱን የደገፉት ተቀየሙ፣ ጥላው ልክ አይደለም ተብሎ በሌላ ቀን እንደገና ተለካ፣ ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ጥላው ያልተለካ ግድግዳም ላምም አልቀረም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኛን ሴቶቹን ከወንዶቹ ጋር ቀላቅሎ የጨርቅ ኳስ ያጫውተናል። «ሴት ልጅ ኳስ?» ያሉ ነበሩ፤ ከሁሉ አብዝተው ያሉት ሰውዬ ግን ወደ ማታ አጥሩ ላይ ተደግፈው ስንት ለስንት እንደሆነ ይጠይቁን ነበር።

ለኔ ነገሩ ከጨዋታ በላይ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ትምህርትም ይወዳሉ፤ ግን ቃላቸውን አንድ ጊዜ ተናግረዋል። «ስምንተኛ ክፍል እዚህ እስካለ ትማራለች። ከተዘጋ ግን ሴት ልጄን መሐል ሜዳ ቤት አከራይቼ አላስቀምጥም፤ ትዳሯን ትይዛለች።» የብዙ ጓደኞቼ አባቶችም እንዲሁ ብለዋል። የሒሳብና የሳይንስ አስተማሪ ከሄደ ስምንተኛ ክፍል እንደሚዘጋ፣ ሚኒስትሪ መፈተን እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ እኛ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ስንመጣ መጀመሪያ የምናየው መምህር ዘካርያስ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ ነበር። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያለብሰው፣ አንድ ቀን የጋሽ ተክለወልድን ካፖርት ለብሶ፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ መጣ፤ ጠመኔው ከእጁ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረውም።

መላውን ያመጡት እትዬ አስካለ ናቸው። አስተማሪዎቹን የሚያባርራቸው ክፋታችን ወይም ድህነታችን ሳይሆን ብርዱ ብቻ እንደሆነ ተናገሩና፣ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ ጸጉር ይምጣልኝ፣ እኔ እፈትላለሁ፣ ሸማኔው ይሠራል፣ ይህን ሰው ባና እናልብሰው አሉ። ሁሉም እሺ አለ። ችግሩ የመጣው ከዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ገና ያልተሰጠን ስጦታ ማውራት ነውር ነው፤ ጉራ ይሆናል፣ ተቀባዩንም ማሳቀቅ ይሆናል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ፣ ከቄሱ እስከ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አፉን ለጎመ።

ጸጉሩን በጉያችን ይዘን ክፍል እንገባለን፣ ከትምህርት በኋላ ለእትዬ አስካለ ልናደርስ። መምህር ዘካርያስ ደረታችን አብጦ ሲያይ «ምንድን ነው የያዛችሁት?» ይላል፤ «ምንም» እንላለን። ተሰብስበን ስለ ባናው ስናወራ ብቅ ሲል ዝም እንላለን። በእትዬ አስካለ ደጅ ሲያልፍ በሩ ድው ብሎ ይዘጋል። የከተማው ሰው እሱ በመጣ ቁጥር ነገሩን እንዳያወጣ ፈርቶ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «እንደምን ዋሉ መምህር» ብሎ፣ እጅ ነሥቶ ፈጠን ብሎ ያልፋል። ለሱ ደግሞ፣ ለድሬው ልጅ፣ አንቱታው ራሱ ሲበዛበት የሰነበተ ነገር ነው፤ እነሱ ሠፈር ሰው አንቱ ሲልህ ተቀይሞሃል ማለት ነው ብሎ በኋላ አጫውቶኛል። ሴቶቹን ኳስ ስላጫወትኩ አገሩ አድሞብኛል ብሎ አሰበ። ብርዱን እንኳ ችሎት ነበር፤ ያልቻለው የኛን ዝምታ ነው። ባናውን ባንጀምረው ኖሮ የመሄድ ሐሳብ እንዳልነበረው ሲነግረኝ ከሳቄ ብዛት ወንበር ይዣለሁ፤ ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ዝውውር ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ቅዳሜ በገበያ መኪና እሄዳለሁ ብሎ ለጋሽ ተክለወልድ ነገራቸው። ጋሽ ተክለወልድ እባክህ አትሂድ ማለት ሲገባቸው ይሉኝታ ያዛቸውና «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብለው አሰናበቱት፤ ካሰናበቱት በኋላ ግን ካፖርታቸው እየተንሳፈፈ፣ ዳይሬክተር ሲሮጥ አይተን በማናውቀው አሯሯጥ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሮጡ። ሸማኔው ቀንና ሌት ሲወረውር ሰንብቶ ባናው ዓርብ ማታ ከመሣሪያው ወረደ። የዘርፉን ክሮች መቋጨት ብቻ ቀረ። ለዚያ ጊዜ አልነበረም።

ቅዳሜ መኪናው ዳር ያልተገኘ ሰው የለም። በግ ሻጩም፣ ጨው ቸርቻሪውም፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ካህናትም፣ እኛም። ባናውን እትዬ አስካለና ሁለት ሴቶች ተሸክመው መጡና፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ከትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት። እንዲህ ካደረግንለት ነገሩ ይገባዋል፣ ሻንጣውን ያወርዳል ብለን ነበር። እሱ ግን ባናውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጸጉሩ ከስንት በግ እንደመጣ ከቀለሙ እያየ፣ አለቀሰ። «እንደጠላችሁኝ ነበር የማውቀው አቦ» አለን። «እንዲህ አድርጋችሁ ትሸኙኛላችሁ ብዬ አላሰብኩም። ዋላሂ አልረሳችሁም።» ይህን ብሎ ባናውን እንደለበሰ ጋቢና ወጣ።

ለካስ እነሱ አገር የሚሄድን ሰው ነው የሚያለብሱት። እኛ ተቀመጥልን ስንል እሱ መልካም መንገድ ያልነው መሰለው። ይህን ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተረዳነው፤ ተረድተንም ቆመን ቀረን። ማን ይናገር? ጋሽ ተክለወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ጠረጉ። ቄሱ መስቀላቸውን ያገላብጣሉ። አባቴን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፣ ጭሱ ፊታችን ላይ ቦነነ። መኪናው ሲነቃነቅ ትምህርቴ አብሮት ሲሄድ ታየኝ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ወደ ጋቢናው ተራምደው፣ በሩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ውረድ!»

«ምን ሆንሽ እናቴ?»

«ባናዬን አምጣ። ዘርፉ አልተቋጨም፣ አይታይህም? እንዲህ ተንዠርግጎ አገር ለአገር ሊዞር ነው? አስካለ ሥራ አትጨርስም ልታሰኘኝ ነው? ውረድ ብዬሃለሁ!»

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። መምህር ዘካርያስ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው፤ ያለበሱትን ልብስ ገፎ ሰጥቶ መሄድ አልሆነለት፣ ባለሙያዋን አሳፍሮ መሄድም አልሆነለት። ወረደ። «መቼ ያልቃል?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ አስካለ ክሮቹን እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «እስከዚያ ልበሰው፤ ሳምንት ና» አሉት። ሾፌሩ እየተነጫነጨ ሄደ። እኛ እልልታውን አፍነን ያዝነው፤ እንዳይገባው። አባቴ ያን ዕለት ከገበያ ሲመለሱ ለኔ ሸንኮራ ገዙልኝ፣ ምክንያቱን ግን አልተናገሩም። እሱ ግን ያን ቀን የገረመው ሌላ ነገር ነበር፤ ከመጣ ጀምሮ አንቱ ሲሉት የኖሩት ሴትዮ «ውረድ» ብለው ሲቆጡት የናቱን ቤት አስታወሱት።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባናውን ለብሶ እትዬ አስካለ ቤት ሄደ። እሳቸው ምሳ አብልተው፣ ጠላ ቀድተው፣ የአገሩን ወሬ አንድ በአንድ ከጠየቁት በኋላ ሦስት አራት ክር በመዳፋቸው አሻሽተው ቋጩና «ገና ነው፤ ሳምንት ና» አሉት። በሳምንቱም እንዲሁ። እኔ ጎረቤት ነኝና ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ክር ማሻሸትና መቋጨት የተማርኩትም ያኔ ነው። አንዳንድ እሑድ ዓይኔን አሞኛል ይላሉ፣ አንዳንዱ እሑድ የትልቅ በዓል ዋዜማ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ቋጠሮ አልወደድኩትም ብለው ይፈቱታል። ይህች ሴት በአንድ ምሽት የአንድ ሙሉ ባና ዘርፍ እንደሚጨርሱ የማያውቅ ሰው አልነበረም። እሱም በሁለተኛው እሑድ አውቆ ነበር። አውቆም ግን በየሳምንቱ ኮስተር ብሎ «ዛሬስ አልቋል?» ይል ነበር፤ እሳቸውም ኮስተር ብለው «ገና ነው» ይሉ ነበር፤ እኔም ከጥግ ሆኜ ሳቄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ።

ገናም አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ፣ ፋሲካም ሆነ፤ ከተማው በበዓል ስም የሚጠራው አጣ። ሚኒስትሪ ተፈተንን። ውጤት የመጣ ቀን ጋሽ ተክለወልድ የኔታ ያልተቀመጡበት ወንበር ላይ ቆመው ስማችንን እያነበቡ፣ ያለፈ ተማሪ ስም በተጠራ ቁጥር ሰው እልል ይላል፣ ቸርኬው ይደወላል። ጥሩወርቅ ሲሉ ስሜን ሰማሁ፤ አባቴ ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። መምህር ዘካርያስ በዚያ በሰኔ፣ ፀሐይ በወጣበት፣ ባናውን ተከናንቦ ከሁላችንም በላይ ይጮህ ነበር። ዝውውሩንም ማንም አላነሣበት፣ እሱም አላነሣው፤ ከኛ በኋላ የመጡትን፣ ከነሱም በኋላ የመጡትን አስተምሮ፣ ታናናሾቼን ሁሉ አሳልፎ፣ እናቱ ድሬዳዋ አርጅተው የሚጦራቸው ሲያጡ ነው የሄደው። እኔ ያኔ ራሴ የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ነበርና ልሰናበተው መጣሁ። እትዬ አስካለ ዓይናቸው ደክሟል። ከባናው አንዲት ጥግ ብቻ ቀርታለች። ያቺን ጥግ በጣታቸው ፈልገው አገኙና፣ ዳብሰው ለቀቋት። «ይቺን ስትመለስ» አሉት።

አልተመለሰም። እናት፣ ሚስት፣ ልጆች፣ ሥራ፤ እንዲህ ነው። እትዬ አስካለም ከጥቂት ክረምት በኋላ ዐረፉ።

ባለፈው ዓመት ወደ ከተማችን ብቅ ብዬ ነበር። ትምህርት ቤቱ ብሎኬት ሆኗል፣ መስኮቱ መስታወት አለው፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል፤ አስተማሪዎቹ ብዙዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው፣ ግማሾቹም የመምህር ዘካርያስ ተማሪዎች ያስተማሯቸው። ልቤ ሞልቶ ነው የዞርኩት፤ በየክፍሉ የተቀመጡትን ሴቶች ልጆች ሳይ ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ግን ሰሌዳው ከፋብሪካ ነው የሚመጣው፣ ገበያው ላይ የነብር ሥዕል ያለበት ለስላሳ ብርድ ልብስ ተደርድሯል፣ ባና ስጠይቅ ሻጩ ለቤት ማስጌጫ ነው ወይ አለኝ። ማታ ማታ አስተማሪዎቹ በየቤታቸው በራቸውን ይዘጋሉ፤ ማን እንደበረደው ማንም አያውቅም። እኔም አስተማሪ ሆኜ ኖሬ፣ ከሞላሌ ዘመሮ፣ ከዘመሮ ራቤል፣ በመጨረሻም ደብረ ብርሃን ስዘዋወር፣ በየሄድኩበት ጥሩ ሽኝት ተደርጎልኛል፤ የመኪና በር ይዞ ውረጂ ያለኝ ሰው ግን አንድም አላጋጠመኝም። ይህ ይቆጨኛል።

ሠርጉ በሰላም አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ግቢው ጸጥ ሲል ራሄል የደረቀውን ባና ከገመዱ አውርዳ፣ በርጩማ አቅርባልኝ፣ «በይ እስኪ፣ አንቺ ታውቂበት የለ፣ ሳይተረተር ጨርሺው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጥጉ መላላት ጀምሯል። ሦስት ክር መዳፌ ላይ አደረግሁና ማሻሸት ጀመርኩ፤ ጣቶቼ አልረሱትም። መምህር ዘካርያስ ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጉልበቱ ታሟል፣ ልቡም ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ ደጋ አገር አትውጣ ብሎታል። ሠርጉን ሙሉ ሲያወራና ሲያስቅ የከረመው ሰው፣ አሁን እጄን እጄን ያያል። ቀስ ብሎ፣ «ዛሬስ አልቋል?» አለኝ።

ክሮቹ እጄ ላይ ናቸው። አንድ ቋጠሮ ነው የቀረው። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁትና ክሮቹን ለቀቅኋቸው። ባናውን አጥፌ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ገና ነው» አልኩት። «ሳምንት ና።»

ራሄል «ሁለታችሁም አብዳችኋል አቦ!» ብላ ወደ ማድቤት ገባች። እሱ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ባናውን ዘርግቶ እስከ አገጩ ሳበው።